የ2018 ሞዴል

በሮቤ ከተማ ላፕቶፕ መግዛት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። እኔ ደግሞ እንዳይገዛ እመክረዋለሁ። እስከ ዛሬ ለሰው የሰጠሁት ምክር ሁሉ ቢጨመቅ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፦ ጠብቅ። አዲስ ሊወጣ ነው፣ ጠብቅ። አዲሱ ሲወጣ የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል፣ ጠብቅ። አልወረደም? ገና ነው፣ ጠብቅ። ሰው ይህን ሲሰማ አዋቂ ያገኘ ይመስለዋል። «ግዛ» የሚል ሰው በኋላ ይጠየቃል፤ «ጠብቅ» የሚለውን ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ፍስሐ እባላለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሮቤ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የተከራየሁት ቤት ከኦቦ ዓብዱልፈታሕ ሱቅ ጀርባ ነው፤ ዳቦውንም ሳሙናውንም የሰፈሩንም ወሬ የማገኘው ከእሳቸው ነው። ኦቦ ዓብዱልፈታሕ ሲናና ላይ የስንዴ መሬት፣ ሮቤ ላይ ይህች ሱቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈይሩዝ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ፈይሩዝ ተማሪዬ ነበረች። ከተመረቀች ሁለት ዓመት አለፋት። ሥራ ስላልተገኘ ሁለቱንም ዓመት በአባቷ ሱቅ ስኳር ስትመዝን ነው የኖረችው።

ስኳር ስትመዝን ያያት ሰው የምታውቀውን አይጠረጥርም። ይህች ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ከባዶ ተነስታ አገር ትሠራለች፤ ቤቱን፣ ዛፉን፣ ዝናቡን፣ ጌም ውስጥ እንደሚታየው አድርጋ። ማንም አላስተማራትም። እኔም አላስተማርኳትም፣ ስለማልችልበት። ይህን ማለት ለመምህር ደስ አይልም፤ እውነት ስለሆነ ግን ይባል። ችግሯ መሣሪያ ነበር። ተማሪ ሳለች የተገዛላት ላፕቶፕ ደብዳቤ ለመጻፍ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ለዚህ የሚሆነው ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ጎረምሶች ጌም የሚጫወቱበት ዓይነት ነው።

ኅዳር 2017 ላይ መጣች። «መምህር፣ አባቴ እገዛልሻለሁ ብሎኛል። አሁን ይግዛልኝ ወይስ ልጠብቅ?»

«ጥርን ጠብቂ» አልኳት። «አዲስ ግራፊክስ ሊወጣ ነው።»

ጥር ላይ ወጣ። የወጣው ግን በፈረንጅ አገር ነው። «እዚህ እስኪደርስ ጠብቂ» አልኳት። ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ መድረሱን ሰማን፣ ዋጋውንም ሰማን፤ የማይቀመስ ነው። «ግድ የለም፣ አሁን አሮጌው ይረክሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኳት። አሮጌው አልረከሰም፤ የረከሰው ብሩ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ከኢንተርኔት ያነበብኩትን ይዤ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዚህም የተሻለ እንደሚመጣ አበሰርኳት። በዚያው ክረምት የድሮው ላፕቶፗ ቀድሞ ሲሠራ የነበረውን ያህል እንኳ መሥራት አቃተው። ስክሪኑ ጠፋ፤ ከቤታቸው ቴሌቪዥን ጋር እያያያዘች፣ እናቷ ዜና በማያዩበት ሰዓት ትሠራ ጀመር። በመጨረሻ ላፕቶፑ ጨርሶ ሞተ።

አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ስገባ ኦቦ ዓብዱልፈታሕ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ መጠበቅ አያውቅም አትበለኝ። ስንዴ እኮ ዋጋ እስኪያገኝ ጎተራ ይቀመጣል። ግን እዚያ ጎተራ ውስጥ የምጠብቀው እኔ ብቻ አይደለሁም። ነቀዝም ይጠብቃል።»

ሳቅኩ። ጥሩ አባባል ነው ብዬ ለተማሪዎቼም ነገርኩ። እኔን እንዳሉኝ አልገባኝም።

ጥቅምት 2018 ላይ አንድ የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ማስታወቂያ አወጣ። የስልክ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ሦስት ሰው ይፈልጋሉ። ፈተናው እያንዳንዱ በራሱ የሚሠራው የሠላሳ ሰከንድ ፊልም ሲሆን፣ እስከ ኅዳር ሠላሳ በኢንተርኔት ይላካል። «የራስ ኮምፒዩተር ያለው፣ ከየትኛውም ከተማ ሆኖ መሥራት የሚችል» ይላል። ፈይሩዝ ከስልኳ እያነበበች «ከየትኛውም ከተማ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። ነገሩ ያለው እዚያች ላይ ነበር። አባቷ ሴት ልጃቸውን አዲስ አበባ ብቻዋን እንድትኖር አይለቁም። ሮቤ፣ ቤቷ ተቀምጣ ከሠራች ግን ምን ይላሉ? ይህ ሥራ ከተገኘ ከሚዛኑ ጀርባ ትወጣለች፤ ካልተገኘ እዚያው ናት። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሌላ አላየንም።

«ምን ልትሠሪ አሰብሽ?» አልኳት።

«የሲናናን ስንዴ። ሊታጨድ ሲል፣ ነፋስ ሲመታው። ሥዕል ለጥፌ አይደለም መምህር፤ እያንዳንዱን ዘለላ ለብቻው ነው የማስነሳው። ነፋሱ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ እንዲታይ።»

ዓይኗ ሲበራ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔስ ምን አልኳት? ለመናገርም ያሳፍራል። «በኅዳር አጋማሽ ፈረንጆቹ ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ብትጠብቂ...» አልኳት። ስልኳን ኪሷ ከትታ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። የአባቷ ጆሮ ግን ሱቁ ውስጥ ነበር። በሳምንቱ ኦቦ ዓብዱልፈታሕ ለማንም ሳይናገሩ ስንዴ አስጭነው፣ ራሳቸውም ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው አዲስ አበባ ገቡ።

እኔ ፈተና ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት ልጆች ከኋላ ይኮራረጃሉ፤ እነሱን በዓይኔ ይዤ ሳለሁ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። በሩ ላይ ወጥቼ አነሳሁ።

«አካም ጅርታ መምህር! ላፕቶፕ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ይህ ሻጩ ልጅ ለጌም የሚሆን ጠንካራ ነው ይለኛል። ዋጋውም ደህና ነው። ምን ልጠይቀው?»

ግራፊክሱ ቁጥር ስንት ነው ማለት ነበረብኝ። አንዲት ጥያቄ ነች። ግን ኦቦ ዓብዱልፈታሕ ያንን ጠይቀው፣ ሰምተው፣ መልሰው እስኪነግሩኝ የሚሄደውን ጊዜ አሰብኩና፣ ከኋላ ያሉት ልጆችም ወረቀት ሲለዋወጡ አየሁና፣ ቀለል ያለውን ጠየቅኳቸው።

«ሞዴሉ የስንት ዓመተ ምህረት ነው? በሉት።»

ድምፃቸው ራቅ ብሎ ሲጠይቁ ሰማሁ። ተመለሱ። «2018 ነው ይላል። እኔም በዓይኔ አየሁት መምህር፣ ተጽፎበታል። ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።»

«የ2018 ከሆነማ ምን ይጠብቃሉ? ይግዙ!» አልኳቸው። «ዋጋውም ደህና ከሆነ ዕድለኛ ነዎት።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው «ይግዙ» አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ወደ ክፍሉ ተመልሼ ሁለቱን ልጆች አለያየኋቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ኦቦ ዓብዱልፈታሕ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። እኔም ተጠራሁ። ካርቶኑ ምንጣፉ መሀል ተቀምጧል። እናቷ ኡሙሰልማ ላዩ ላይ ንጹሕ ሻሽ ጣል አድርገውበታል። አባትየው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ልጃቸው እንድትበላበት፣ ከዓይን እንዲጠብቀው፣ ለመከራት መምህርም አላህ ጀዛውን እንዲከፍለው። አሜን አልኩ። ከዚያ ሻሹ ተነሳ።

«የዘንድሮ ነው!» አሉ ኦቦ ዓብዱልፈታሕ፣ ሦስት ጊዜ ነው ያሉት። «ልጁ ሌላም አሳይቶኝ ነበር፤ እኔ ግን መምህሩ ያለውን ይዤ፣ የ2018ቱን አምጣ አልኩት። ዱጋ፣ እውነቴን ነው፣ የዘንድሮ!»

ፈይሩዝ ላፕቶፑን አውጥታ ክዳኑን ከፈተች። ኪቦርዱ ላይ ፊደሎቹ በጥቂቱ ተፍቀዋል። ገለበጠችውና ከሥሩ ያለውን ወረቀት አነበበችና ለእኔ አቀበለችኝ። እኔም አነበብኩ። በእንግሊዝኛ ነበር የተጻፈው፦ የተመረተበት ዘመን፣ 2018። የፈረንጅ 2018። በእኛ 2010 መሆኑ ነው። ፈይሩዝ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ የተሠራ፣ ስንት እጅ ያለፈበት፣ ፈረንጅ ተጠቅሞበት የጣለው ዕቃ። በዚያ ላይ የግራፊክሱ ቁጥር በዘመኑም ቢሆን ከደካሞቹ ነበር።

ሻጩ አልዋሸም። የተጻፈውን ነው ያነበበው። ኦቦ ዓብዱልፈታሕም አልተሳሳቱም፤ ያዩትን ነገሩኝ። የሚረገም ሌባ እንኳ የለም። ክፍል ውስጥ 2025 የምል፣ ደጅ ስወጣ 2018 የምል፣ ሁለት ዘመን በአንድ አፍ ይዤ የምዞር እኔ ነኝ። ከኦቦ ዓብዱልፈታሕ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ ስናወራ ዘመኑ የእኛው ነበር። ስልኩንም ያነሳሁት በዚያው ጆሮ ነው።

አባትየው ፊቷን ፊቷን ያያሉ። «እንዴት ነው? ጥሩ ነው?»

«ማሻአላህ» አለች ፈይሩዝ። ድምጿ አልተሰበረም። ተነስታ እጃቸውን ሳመች። «ገለቶማ አባ። በጣም ጥሩ ነው።»

ስወጣ ተከትላኝ እስከ አጥሩ በር መጣች። «መምህር፣ እንዳይነግሩት» አለችኝ። «የሸጠው ለዘር ያስቀመጠውን ስንዴ ነው። ለእናቴ እንኳ የነገራት ዛሬ ነው።»

«እንዲመለስ እንጠይቅ። ለሻጩ እኔ ልደውልለት።»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ማኅተም ደረሰኙ ላይ አለ። ደግሞ እንዲመለስ አባቴ ማወቅ አለበት። በሻጩ ልጅ ፊት፣ በእርስዎ ፊት ተሞኘ ይባላል። እኔ በዚሁ እሞክራለሁ። ቃል ይግቡልኝ።»

ቃል ገባሁ። ቃል መግባት ምን ወጪ አለው? ወደ ቤቴ ስገባ ቀለል ብሎኝም ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሂሳብ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ፊልም ማለት ሰባት መቶ ሃያ ምስል ነው። ሠሪዋ የፈጠረችውን ኮምፒዩተሩ ብርሃኑንና ጥላውን እያሰላ አንድ በአንድ ያወጣዋል። ጥሩ ማሽን አንዱን ምስል በአንድ ደቂቃ ያወጣላታል፤ ይኼኛው ሃያ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢሠራ አሥራ ሦስት ቀን ነው። ሳይጠፋ ያልኩት መብራቱን ነው፤ ሮቤ ላይ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር የማሽኑ ያረጀ ባትሪ ሩብ ሰዓት አይቆይም። ዩኒቨርሲቲ ያሉትን ኮምፒዩተሮች አሰብኩ፤ ግራፊክስ የሚባል ነገር የላቸውም። የእኔ ላፕቶፕማ የባሰ ነው። እኔ ራሴ አዲስ ሳልገዛ ስጠብቅ ስድስት ዓመት አልፎኛል።

ስንዴውን ሠርታ የጨረሰችው ኅዳር አሥራ አምስት ላይ ነው። ከሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት አሳየችኝ። በቆመው ምስል ላይ እንኳ የእህሉ ጢም አንድ በአንድ ይታያል። በሩቅ የባሌ ተራራ ደመና ለብሷል። ነፋሱ ከግራ ገብቶ እህሉን ሲያጎነብሰው ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ነበር የወጣው፤ ዘጠኙን ሰከንድ አሥር ጊዜ አየሁት። እንባዬ መጣ። የመጣው ግን ለስንዴው ብቻ አልነበረም።

«ቀሪው?» አልኳት።

«አይደርስም። ቆጠርኩት።» ስታወራ ማሽኑን በእናቷ ማራገቢያ ታራግባለች፤ በጣም ይግላል። «ከአሥረኛው ሰከንድ ጀምሮ እህሉን መቀነስ አለብኝ። ግማሹን አጠፋለሁ። ካልሆነ ደግሞ የኋላውን ጠፍጣፋ ሥዕል አደርገዋለሁ።»

ግማሹን አጠፋች። አልበቃም። ከግማሹም ግማሹን አጠፋች። ኅዳር ሠላሳ ከሰዓት በኋላ የላከችው ፊልም ሲጀምር ሲናና ነው፤ ሲያልቅ በረዶ የመታው ማሳ ይመስላል።

መልሱ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መጣ። ሁለት መስመር ነው፤ ስልኳን ሰጥታኝ ራሴ አነበብኩት። «የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሰከንዶች ከቀረቡልን ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ቀሪው ግን ያልተጠናቀቀ በመሆኑ ልንቀበልሽ አልቻልንም።» ስልኳን መለስኩላት። ለአባቷ ምን እንዳለች ጠየቅኳት። «አላለፍኩም አልኩት» አለች። «በቃ፣ ይኸው ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ፈይሩዝ ከዚያም በኋላ አልተወችውም። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ከሚዛኑ አጠገብ ከፍታ፣ ከአሥረኛው ሰከንድ ጀምሮ ያጠፋችውን እህል ትመልስ ነበር። በቀን ጥቂት ምስል ታወጣለች። ለማን ነው ብላት «ለራሴ» አለችኝ። «ሲያልቅ ለሌላ ቦታ እልከዋለሁ፤ አሁን የሚያቻኩለኝ የለም።» መቶ የሚሆን ምስል ጨምራ ነበር። እኔም በልቤ፣ ይህ ነገር እንዲህ ቀስ ብሎ ይድን ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው።

ጥር መጀመሪያ ላይ ሳሙና ልገዛ ገባሁ። ኦቦ ዓብዱልፈታሕ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፈይሩዝ ከሚዛኑ ጀርባ ናት። ላፕቶፑ አጠገቧ ተከፍቷል፣ ያንጎራጉራል።

«እንኳን መጣህ መምህር» አሉኝ። «ተቀመጥ። አንድ ነገር ፍረደን።»

ተቀመጥኩ።

«ጎባ የወንድሜ ልጅ አለ፣ ኢዶሳ። ኮሌጅ ገብቷል፤ ኮምፒዩተር ነው የሚማረው። አባቱ ትናንት መጥቶ፣ ያ ማሽን ለፈይሩዝ ምን ያደርግላታል፣ ፈተናውንም ወድቃለች፣ ለልጁ ይሁን አለኝ። እኔ ደግሞ በምን ወደቀች ብዬ ሳስብ ሰነበትኩ። ማሽኑ የዘንድሮ ነው። አንተ ራስህ ነህ ግዛ ያልከኝ። ከማሽኑ ከሆነ አላህ ያውቃል፣ ሌላም ሸጬ እገዛላት ነበር። ከማሽኑ ካልሆነ ግን ከእሷ ነው፤ ልጅቷ አልቻለችበትም፤ እዚሁ ሱቋን ትያዝ። አንተ ባለሙያ ነህ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፤ ማሽኑ ጉድለት አለበት?»

ፈይሩዝን አየኋት። እሷም አየችኝ። በአጥሩ በር ላይ ቃል ያስገባችኝ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር። አንገቷን አልነቀነቀችም፣ አልከለከለችኝም። እጇን ከሚዛኑ ላይ አንስታ ጠበቀችኝ። እንድናገር ነበር የፈለገችው፤ ይህን ዛሬ ብቻ ሳይሆን ያኔም አውቄዋለሁ።

አፌ ላይ ነበረ። ኦቦ፣ ዘመኑን ያሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልጅዎ ከሁሉም የተሻለች ናት ብለዋታል፤ በቃ፣ ይህችን ያህል ነው። ግን ኦቦ ዓብዱልፈታሕ ይህን ከሰሙ መንገዱ ሁሉ ይሰማል። የኮምፒዩተር መምህሩ፣ ከተማው ሁሉ የሚያማክረው ፍስሐ፣ የፈረንጁን 2018 ከእኛው 2018 ሳይለይ የሰውን ዘር ስንዴ አሸጠ ይባላል። ለቃሌ ብዬ ዝም አልኩ ብል ደስ ባለኝ። ለቃሌ አልነበረም።

«የለበትም» አልኩ። «ማሽኑ ጉድለት የለበትም።»

ኦቦ ዓብዱልፈታሕ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ አልተቆጧትም፣ በሐዘን ነው የተናገሯት። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ አባ።»

ጎንበስ ብላ ላፕቶፑን ዘጋች። ማንጎራጎሩ ቆመ። ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀለች፣ ገመዱን በእጇ ላይ በሥርዓት ጠቀለለችና ላዩ ላይ አስቀምጣ ወደ አባቷ ገፋችው።